የቴስታታ ጋስኬቱ ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሠራው ሚኒባሴ (5ኤል ናፍጣ ሞተር) በቅርቡ ሙሉ ዕድሳት ተደርጎለታል። የቴስታታ ጋስኬቱ (በሞተሩ የላይኛው ክዳን በቴስታታውና በሞተሩ ዋና አካል በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሎ አስቀየርኩ፤ አዲሱም አዲስ ዘመን ከተማ ሳይደርስ ውኃ ማፍላት ጀመረ። ጥፋቱ የጋስኬቱ ነው?

መልስ፦ አይመስለንም፤ መጀመሪያ ዕድሳቱን ይጠርጥሩ። ብሎኩ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት ወርክሾፕ) ገብቶ ፊቱ ከተላገ ፒስተኑ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ይወጣል። የዚህ ሞተር ጋስኬት በተለያየ ውፍረት የሚመረተውም ለዚህ ነው። የአሮጌውን አምሳያ መግዛት ስለማይበቃ፣ ፒስተኖቹ ጫፍ ሲደርሱ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል እንደሚወጡ በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ከፍታ በሚለካ ባለ ቀስት መሣሪያ) ያስለኩ። ትልቁ ልኬት ውፍረቱን ይወስናል።

ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት በቁመትና በሰያፍ አጋድሞ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይላግ እንላለን። ስንጥቅም ይታይ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የብሎን ጉድጓድ ነው። ውስጡ ውኃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ፈሳሹን ተጭኖ ይቆማል፤ ቶርክ ቁልፉ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ) የጠበቀ ያስመስለዋል፣ ቴስታታው ግን በደንብ አልተጫነም። ብሎኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። በአየር ያስነፉት። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር ሁሉንም በ78 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ማጥበቅ ነው። በግምት በቧንቧ እያራዘሙ ማጥበቅን አጥብቀን እንቃወማለን!

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊት ስለሆነ፣ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ አዲሱም ጋስኬት ይቃጠላል። ቴርሞስታቱንም (የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) «ማውጣቱ ያቀዘቅዛል» ብለው አያስወጡት፤ በቦታው ይመለስ።