20 ከ20 ደፍነው ጭጭ የሚሉት ልጆች

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጆቹ ፈተና ላይ 20 ከ20 ይደፍናሉ። ስለ ደጉ ሳምራዊ «እና ምን ገባችሁ?» ስላቸው ግን ጭጭ። ከፈተና ሌላ በምን ልመዝናቸው?

መልስ፦ ሸምድደው ነዋ! እዚሁ ወሎ፣ የዋድላን ቅኔ ቤት ያስቡ፤ ተማሪው የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ማን ይሰማዋል፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል። ቁርአን ቤትም ቢሆን ልጁ ሉሁን፣ የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ የሚያጥበው የተጻፈውን በቃሉ ከተወጣው በኋላ ነው። ፊት ለፊት፣ በአፍ።

እርስዎም ሉቃስ 10ን ያስዘጉና ታሪኩን ፒያሳ አምጥተው እንዲተርኩት ያድርጉ። የወደቀው ማነው? አይቶ ያለፈውስ? አንዷ ተነስታ «ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ» ካለች ገብቷታል። ደብተርዎ ላይ ያስፍሩላት። ታሪኩን ሳያዛባ ተረከ ወይ፣ ለምን ሲባል ምክንያት አለው ወይ፣ ይኸው ይበቃል።

አደራ ግን፣ ማን ጾመ ማን አስቀደሰ እያሉ ማርክ አይስጡ። እኔ አንድ ሰሞን ሞክሬው ያተረፍኩት ውሸት ብቻ ነው። የቃል ጥናቱንም አይጣሉት፤ ውዳሴ ማርያም በቃል ካልሆነ በምን ሊያዝ ነው?