«ግፍ» ብለው የነገሩት «ኢፍትሐዊ» ሲባል

ጥያቄ፦ «የጡረታ አበሌ ያለ በቂ ምክንያት ሰባት ወር ተቋርጦብኝ ማመልከቻ ለማስጻፍ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድሁ። እኔ ‹ግፍ ተፈጽሞብኛል› ብዬ የነገርሁትን እርሱ ‹ኢፍትሐዊ አሠራር ተከስቷል› ብሎ ጻፈው። ‹ግፍ› ለመሥሪያ ቤት አይጻፍም አለኝ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው? ‹በደል›ስ ከየትኛው ይመደባል?»

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ስሙን ብቻ ቢለውጥ ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጨሁ፤ ግሱንም ነካብዎት። «ተፈጽሞብኛል» ውስጥ ያለችው «ብኝ» ጉዳቱ ያረፈበትን ሰው፣ እርስዎን፣ ይዛ ነበር። «ተከስቷል» ሲል እርስዎም ወጡ፣ አድራጊውም አብሮ ወጣ። ድርቅ ይከሰታል፣ ወረርሽኝ ይከሰታል። የሰው አበል ግን ሰው ካልቆረጠው አይቆረጥም።

«ግፍ» ከግእዙ ገፍዐ የመጣ ነው። መድረሻው ዐ በአማርኛ አፍ ሟሙቶ ገፍዐ «ገፋ» ሆነ፤ ሰምዐ «ሰማ» እንደ ሆነ ሁሉ። ስሙም ግፍዕ ነበረ፣ ዕ ረግፋ ግፍ ቀረ። በር የገፋም ደሃ የገፋም በአንድ ግስ የሚነገሩት ስለዚህ ነው። ቃሉ ውስጥ ክንድ አለ፤ ገፊ አለ፣ ተገፊ አለ፣ ተገፊውም አቅሙ ያነሰ ነው። ሁለት እኩዮች በወሰን ቢጣሉ «ግፍ» አንልም። በዚህ ላይ ቃሉ ከላይ ተመልካች አለው። እናቴ የተረፈ እንጀራ ሊደፋ ሲል ካየች «ኧረ ግፍ ነው!» ብላ እጃችንን ትይዝ ነበር። መግፋት እዚያ የለም፤ የምትፈራው ቆይቶ የሚመጣውን ነበር። «ግፉ ይደርስበታል» ስንልም ይኸው ነው።

በደል ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰዎች ነገር ነው። በዳይና ተበዳይ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይቅር ይባባላሉ። ጸሎታችንም «በደላችንን ይቅር በለን» ይላል። ፍርድ ቤትም ይህን ቃል አልጣለም፤ የወንጀል ክስ ሲነበብ ብዙ ጊዜ «የግል ተበዳይ» ሲባል ይሰማሉ።

አሁን ወደ ፍትሕ እንምጣ፤ እዚህ ጥቂት ብቆይ ይታገሡኝ። ፈትሐ ማለት ፈታ ነው፤ የታሰረን፣ የተቋጠረን መፍታት። ነገር ቋጠሮ ነው፣ ዳኛው ፈቺ። እስረኛ የሚፈታው፣ ሕልም የሚፈታው፣ ትዳር የሚፈታው ከዚሁ ሥር ነው፤ ለሙት የሚደረሰው ጸሎተ ፍትሐትም እንዲሁ። ልብ ይበሉ፦ ገፍዐ እና ፈትሐ መድረሻቸውን እኩል ጥለው «ገፋ» እና «ፈታ» ሆነዋል። ስሞቻቸው ግን ተለያዩ። ግፍዕ በሕዝብ አፍ ተፍቆ ግፍ ሆነ፤ ፍትሕ ከመጽሐፍ እንደ ወጣ ሐመሩን ሕ እንደ ታቀፈ ቀረ። (በሃሌታው «ፍትህ» የሚጽፉ ሥሩን ይሰውሩብናል። ጋዜጦቻችን ግን ይህን ምክር ከሰሙ ቆይተዋል፣ አልተቀበሉትም።) አንዱ የቤት ልጅ ነው፣ ሌላው የተከበረ እንግዳ።

«‹ኢ› የግእዝ አፍራሽ ነው፣ ኢፍትሐዊ ንጹሕ ቃል ነው፣ ‹ግፍ› ግን ስሜት ይበዛዋል፣ ለመሥሪያ ቤት አይመችም» የሚሉ አሉ። ስለ «ኢ» ያሉትን አልክድም፤ ግእዝ ግስንም ቅጽልንም ያፈርስበታል። ስሜት ስላሉት ግን አልስማማም። «ግፍ» አድራጊን ያስጠይቃል፤ የሚከብዳቸው ይህ ነው። «ገፋኝ»፣ «በደለኝ» ይባላል። ከ«ኢፍትሐዊ» እንዲህ ያለ ግስ አይወጣም፤ ግስ ከሌለ ባለቤት የለም፣ ባለቤት ከሌለ ተጠያቂ የለም። ለመሥሪያ ቤት አይመችም የሚባለውንም መንግሥት ራሱ አልተከተለም። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የአቤቱታ ሰሚ ተቋም ሲያቋቁም «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» አለው። እንባ ስሜት ካልሆነ ምን ስሜት ይሆናል? ተቋሙም ዘወትር የሚናገረው ስለ «አስተዳደራዊ በደል» ነው።

የምፈራው «ዐመፃ» በምትባለው ቃል ላይ የደረሰው በ«ግፍ»ም ላይ እንዳይደርስ ነው። በግእዝ ዐመፃ ዛሬ የምንጠይቀው ነገር ዋና ስም ነበረች፤ መዝሙረኛው «አፍቀርከ ጽድቀ ወዐመፃ ጸላእከ» (ጽድቅን ወደድህ፣ ዐመፃንም ጠላህ) ሲል ከጽድቅ ተቃራኒ አድርጎ ያቆማታል። ዛሬ «ዐመፅ» ስንል አደባባይ የወጣ ሕዝብ፣ የተወረወረ ድንጋይ ነው የሚታየን። የበዳዩ ሥራ መጠሪያ ተጎትቶ የተቆጣው ሰው መጠሪያ ሆነ። ይህ ዛሬ የሚመለስ አይደለም።

«ኢፍትሐዊ»ንም ላስወጣው አልችልም። «ኢፍትሐዊ የሀብት ክፍፍል» ለሚለው የተሻለ አጭር ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። «ፍትሕ የጎደለው» የበለጠ ደስ ይለኛል፣ ግን ይረዝማል፣ ወጣቶቹም አይሉትም። ጥፋቱ የአንድ እጅ ሳይሆን የሥርዓት ሲሆን ቃሉ ቦታ አለው፤ ልቤ ባይወድም ይህን ያህል እቀበላለሁ።

የእርስዎ ጉዳይ ግን የክፍፍል አይደለም፤ ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት አበልዎን አቁሟል። ለሰባት ወር አበል ብዙ ሰው «በደል» እንጂ «ግፍ» እንደማይል አውቃለሁ፤ ግፍ ዛሬ ደም ወይም እስር ለነካው ነገር እየተቆጠበ ነው። ስለዚህ «አበሌ ያለ በቂ ምክንያት ሰባት ወር ተቋርጦ አስተዳደራዊ በደል ተፈጽሞብኛል» ቢሉ ማንም ሊያርምዎት አይችልም። እኔ ብሆን «ግፍ»ን አልፍቃትም፤ በዚያ አበል የሚያድር ሰው ነው የተገፋው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፣ «ብኝ»ን ብቻ ለማንም እንዳይሰጡ።