ስር የሌለውን መጅ በምላጭ መቆፈር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 46 ዓመቴ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። በቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ወጥቶብኛል። የውስጥ እግሬ ላይም ወፍራም መጅ አለ። በየሳምንቱ ቅዳሜ በምላጭ እቀርፈዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ሰዎች «ስሩ ካልተነቀለ አጥንት ድረስ ይገባል» ይሉኛል። ከፋርማሲ የገዛሁትን የኮርን ፕላስተር ለጥፌ ዙሪያው ተላጠ። ከሰሞኑ መጁ ስር ጥቁር ነገር ይታየኛል፤ ግን አያመኝም። ስሩን የሚነቅል ጥሩ ቅባት ካለ ይንገሩኝ። አባቴ ስኳር ነበረበት፤ እግሩ ሲቆረጥም የጀመረው በእንዲህ ዓይነት ነገር ነበር።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቅባት ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን የመጨረሻው መስመር ይመስለኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

መጅም ሆነ ኮርን (ትንሿ ጣትዎ ላይ የወጣው ጠጠር) በራሱ እግር አያስቆርጥም። ወደ ካንሰር አይለወጥም። አጥንት ውስጥ አይገባም። ከጣት ወደ ጣትም አይጋባም። የአባትዎን ካርድ አላየሁም። ነገር ግን ስኳር ያለበት ሰው እግሩ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት መንገድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ስኳሩ ለዓመታት ሳይስተካከል ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል፤ የደም ዝውውሩም ይዳከማል። ሰውየው ይቆስላል፣ አያመውም፣ ስለማያመው አያየውም። ቁስሉ ያመረቅዛል። ሐኪም ዘንድ የሚመጣው መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። መጁ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቢኖርበት እንኳ ተባባሪ እንጂ ዋና ጥፋተኛ አይደለም። የአባትዎ ዕጣ የእርስዎም መሆን የለበትም።

አሁን ወደዚያ «ስር» እንምጣ። ከተማው በሙሉ የሚያምንበት ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብናገር ይቅር ይበሉኝ።

ስር የለውም። ቆዳ በተደጋጋሚ ሲታሽና ሲጫን ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። ሰፋና ጠፍጠፍ ብሎ ከወፈረ መጅ ነው፤ አካፋና ዶማ የያዘ እጅ ላይ የሚያዩት ማለት ነው። ግፊቱ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ሲያርፍ ደግሞ፣ ለምሳሌ የትንሿ ጣት አጥንት ከጫማው ጎን ጋር በሚጋጭበት ቦታ፣ ወፍራሙ ቆዳ መሃሉ ላይ ይጠጥራል። ሾጣጣ ሆኖም ወደ ውስጥ ይጫናል። ኮርን የምንለው ይህንን ነው። ሰዎች ስር የሚሉት ያ ነጭ ጠጠር ተጨምቆ የደረቀ የሞተ ቆዳ ነው። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። የሚያመው ጠጠሩ ሳይሆን ከበታቹ ያለው ጤነኛ ሥጋ ሲጫን ነው።

ታዲያ ከተነቀለ በኋላ ለምን ይመለሳል? ጫማው አልተነቀለማ! ቅዳሜ ይቀርፉታል፤ ሰኞ ያንኑ ጫማ አድርገው ሥራ ይገባሉ። ጣራው ያፈሳል፣ እርስዎ ወለሉን ይወለውላሉ።

«ይኸው ስሩ!» ብለው ነጭ ቁራጭ በመዳፋቸው የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። የሚያሳዩዎት የራስዎን የሞተ ቆዳ ነው። ጠለቅ አድርገው ሲቆፍሩ ጤነኛው ቆዳ ጋ ይደርሳሉ፤ ይደማል። ደሙን ደግሞ «ስሩ ተነካ» ብለው ማስረጃ ያደርጉታል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ራሱ ሲረግጡበት ያማል። ያኔ «ትንሽ ስር ቀርታ ነው» ይባልና እንደገና ይቆፈራል። በዚህ ዓይነት ከኮርኑ ይልቅ ጠባሳው የሚያሠቃያቸው ሰዎች ይመጡልናል። እባክዎ ከእነሱ አንዱ አይሁኑ።

ከኮርን ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ፤ የእግር ኪንታሮት። እሱ በቫይረስ ይመጣል፣ ይጋባልም። ላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ያማል። ኮርን የሚያመው ከላይ ቀጥታ ሲጫኑት ነው። ኪንታሮቱም ቢሆን ስር የለውም፤ በዚሁ ይብቃን።

በየሳምንቱ ቅዳሜ በምላጭ! ምላጭ ፂም መላጫ ነው እንጂ የሕክምና መሣሪያ አይደለም። አንድ ቀን እጅዎ ሳተ ማለት ክፍት ቁስል ይዘው ላብ ያራሰው ካልሲ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። መንጋጋ ቆልፍ በእንዲህ ዓይነት ቁስል ሊገባ ይችላል። ምላጩን ሌላ ሰው ከተጠቀመበት ደግሞ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስም አሉ። ፔዲኪዩር ቤት «ምላጩ አዲስ ነው» ቢሉዎትም መቁረጥ መቁረጥ ነው፤ እምቢ ይበሉ።

ፕላስተሩ ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ። ወፍራም ቆዳ ያለሰልሳል፤ ግን አሲድ ጤነኛውን ቆዳ ከሞተው አይለይም። ዙሪያው የተላጠው ለዚህ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ሊለጥፈው አይገባም። ሲገዙ «ስኳር ተለክተው ያውቃሉ?» ብሎ የጠየቀዎት ሰው ነበር? እርስዎስ ራስዎን ጠይቀዋል? ነጭ ሽንኩርት አስረው ለማደር ካሰቡ ደግሞ ይተዉት፤ እሱም ያቃጥላል።

እስካሁን እንደ ወዳጅ ነበር የማወራው። አሁን ግን ጠንከር ልበል። «ጥቁር ነገር ይታየኛል፤ ግን አያመኝም» ብለው እንደ መልካም ዜና ጽፈውልኛል። መልካም ዜና አይደለም። ከመጅ ስር የሚታይ ጥቁረት ብዙ ጊዜ የረጋ ደም ነው። ስሜቱ ሙሉ በሆነ እግር ላይ ምላጩ ወይም ግፊቱ ያመጣው ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። በደነዘዘ እግር ላይ ግን ከመጁ ስር ቁስል መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል። አባትዎ ስኳር ነበረባቸው፤ እርስዎ 46 ዓመት ሞልቶዎታል፤ ስለራስዎ የስኳር ምርመራ ግን አንድም ቃል አልጻፉም። ያለዚያ ቁጥር ቅባት ልጽፍልዎ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ቅርብዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ በፊት ለ8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አይቅመሱ፤ ማኪያቶም አይቻልም። የጾም ስኳርዎ በዴሲ ሊትር ደም ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ደህና ነዎት። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ጫማዎን አውልቀው ጥቁሩን ነገርም ያሳዩ። ዝም ብለው ከተቀመጡ ማንም «ካልሲዎን ያውልቁ» ላይልዎት ይችላል።

እስከዚያው ዛሬ ማታ ቤትዎ አንድ ነገር ይሞክሩ። ዓይንዎን ጨፍነው ይጋደሙ። ባለቤትዎ ወይም ከልጆችዎ አንዱ የአውራ ጣትዎን፣ የመካከለኛዋንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር ላይ በጣት ጫፍ ለስለስ አድርገው ይንኩ፤ ሳይጫኑ፣ ሳይኮረኩሩ። ሲነኩ «ተሰማኝ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙዎት ነርቩ ሳይዳከም አልቀረም፤ ለሐኪሙ ይንገሩ። እግርዎ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ ግን ሰኞን አይጠብቁ። በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ስኳሩም ስሜቱም ደህና ከሆነ የቀረው ቀላል ነው። ማታ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ አድርገው ይሹት። በአንድ ቀን ልጨርሰው አይበሉ። በጣቶችዎ መሃል ያለውን እርጥበት በደንብ ያድርቁና ቫዝሊን ወይም ዩሪያ (ቆዳ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለበት ክሬም ይቀቡ፤ በጣቶች መሃል ግን አይቀቡ። ትንሿ ጣት ላይ መሃሉ ክፍት የሆነ የስፖንጅ ቀለበት ቢያደርጉ ግፊቱን ያነሳልዎታል። ካልለቀቀ የቆዳ ሐኪም በንጹሕ መሣሪያ ያነሳዋል፤ የሞተ ቆዳ ስለሆነ ብዙም አያምም። ስኳር ከተገኘብዎት ግን መዘፍዘፉም፣ ድንጋዩም፣ ፕላስተሩም ይቀራል። መጁን ባለሙያ ብቻ ይቀርፈዋል፤ እርስዎ በየማታው የውስጥ እግርዎን በመስታወት ያያሉ።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን በጫማው ነው። አስተናጋጆች የሚያደርጉትን አፍንጫው ሹል የሆነ ጥቁር ጫማ አውቀዋለሁ። ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወርዱበት ደግሞ ጣቶች ወደ ፊት ተገፍተው እዚያ ጠባብ አፍንጫ ውስጥ ይታጨቃሉ። ወረቀት ላይ ቆመው የእግርዎን ዙሪያ በእስክሪብቶ ያስምሩ፤ ጫማውን በላዩ ያስቀምጡ። መስመሩ ከጫማው ውጭ ከታየ መልሱን አገኙ። አዲስ ሲገዙ ከ10 ሰዓት በኋላ ይግዙ፤ ቆሞ የዋለ እግር ያኔ አበጥ ብሎ ስለሚገኝ። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ቦታ ይተው። ማሰሪያ ያለው ይሁን። ሰልባጅ ጫማ ርካሽ ነው፤ ግን የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጫማው ጥቁርና የተወለወለ እስከሆነ ድረስ አለቃዎ የአፍንጫውን ስፋት የሚለካ አይመስለኝም። ከተናገረዎት የሐኪም ወረቀት ይበቃል። ሰኞ ለስኳሩ ሲሄዱ እግረ መንገድዎን ያጽፉ።