ዕዳው ከበለጠ −7 ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። «ከ−7 እና ከ−3 የትኛው ይበልጣል?» ተብሎ «−7» ብሎ መለሰ፤ ኤክስ ተደረገበት። እኔ ባለ ሱቅ ነኝ። የ7 ሺህ ብር ዕዳ ከ3 ሺህ ብር ዕዳ ይበልጣል ነው የምለው። የተሳሳተው አማርኛችን ነው ወይስ ሒሳቡ? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ አማርኛዎ ደህና ነው። ኤክሱም ግን ያለ ቦታው አልገባም።

«ይበልጣል» ሲባል «በምን?» የሚል ጥያቄ አብሮ አለ። ወንድሜ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እኔ በቁመት እበልጠዋለሁ። «በ» ያለበትን ቃል ስንተወው ሰሚው ከነገሩ ተነሥቶ ይሞላዋል። እርስዎ «ዕዳው ይበልጣል» ሲሉ መለኪያው የብሩ ብዛት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሒሳብ ላይ ግን ዝም ከተባለ መለኪያው በቁጥር መስመር ላይ ያለው ቦታ ነው። በስተቀኝ ያለው ይበልጣል። −3 ከ−7 በስተቀኝ ነው፤ አለቀ።

የእርስዎም መለኪያ በሒሳብ ስም አለው፤ ፍጹም ዋጋ ይባላል። ቁጥሩ ከዜሮ ምን ያህል ይርቃል ማለት ነው። ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ግድ የለውም። የ−7 ፍጹም ዋጋ 7፣ የ−3 ደግሞ 3 ነው። ልጁ «−7 በፍጹም ዋጋ ይበልጣል» ብሎ ቢጽፍ፣ ያልተጠየቀውን ቢመልስም ውሸት አልተናገረም።

ከደሴ በባቲ በኩል ወደ አፋር የወረደ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የዳናክል ዝቅተኛው ቦታ −125 ሜትር አካባቢ፣ የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ደግሞ −155 ሜትር ገደማ። በጥልቀት አሳል ይበልጣል፤ በከፍታ ዳናክል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ −155፣ −125፣ 0፣ 2,500 ይሆናሉ። ሁለቱም ኔጋቲቭ ሲሆኑ ፍጹም ዋጋው የበለጠው ራሱ ያንሳል። ፖዘቲቭ ከኔጋቲቭ ጋር ሲመጣ ግን ፍጹም ዋጋ ማስላቱ ትርፍ ድካም ነው፤ 2 እንኳ ከ−900 ይበልጣል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዜና «ከዜሮ በታች −4 ዲግሪ»፣ «ከባሕር ወለል በታች −125 ሜትር» ሲባል እሰማለሁ። «በታች» ካልን ምልክቱን በቃል ተናግረነዋል፤ የሚቀረው ፍጹም ዋጋው ነው። ወይ «ከዜሮ በታች 4» ይባል፣ ወይ «ኔጋቲቭ 4»። «ዕዳ»ም እንዲሁ ነው። መዝገብዎ ላይ «ዕዳ» በሚለው ዓምድ ሥር −7,000 ብለው ከጻፉ፣ ነገሩን አጥብቆ የሚያነብ ሰው እርስዎ ተበዳሪ ሳይሆኑ አበዳሪ ነዎት ብሎ ሊከራከርዎ ይችላል።