በየሦስት ወሩ «ታይፎይድ ነው» ለምትባለው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በዓመት አራት ጊዜ ታይፎይድ ተብለሃል፣ አራቱንም ጊዜ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስደሃል፣ ትንሽ ይሻልህና ትኩሳቱና ድካሙ ተመልሶ ይመጣል። «ጥሬ ሥጋ ስለምወድ ይሆን? ልተወው?» ብለሃል። ሐኪም አይደለሁም። ያንተን መንገድ ግን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ተመላልሼበታለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ቢል ታገሠኝ።

መጀመሪያ የሥጋውን ነገር እናንሳ። ታይፎይድ ከበሬው አይመጣም። ባክቴሪያው የሚኖረው ሰው ውስጥ ብቻ ነው። ከታመመ ሰው፣ ወይም ድኖም ተሸክሞት ከሚዞር ሰው ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ከዛ በውሃ ወይም በደንብ ባልታጠበ እጅ ተሻግሮ ምግብ ላይ ያርፋል። እንደውም ለታይፎይድ ከሆነ፣ በጾም ቀን በያይነቱ ላይ ጣል የምትደረገው ሰላጣ ከፍስኩ ቁርጥ በላይ ትጠረጠራለች። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ አትክልት በአቃቂ ወንዝ ውሃ እንደሚበቅል የምታውቀው ነው። ሎሚና አቼቶ ጣል ማድረግ ጣዕም ይሰጣል እንጂ ጀርሙን ይጨርሰዋል ብለህ አትተማመን።

ጥሬ ሥጋ የራሱ ጣጣ አለው፣ ነፃ ነው እያልኩህ አይደለም። ኮሶ ከዛ ነው የሚመጣው። ከብቱ የሰው ዓይነ ምድር የነካው ሣር ይበላል፣ የትሉ እንቁላል ጡንቻው ውስጥ ትንሽ ነጭ ፍሬ ይሆናል፣ አንተ ደግሞ ያንን ፍሬ በሚጥሚጣ ታወራርደዋለህ። ሚጥሚጣም አረቄም አይገድለውም። ሆድህ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆንና ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ቁርጥራጩ ሲወጣ ታየዋለህ። ግን ልብ በል፣ ኮሶ እንዲህ አያተኩስም። ያንተ ትኩሳት ከሌላ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ብለውህ ይሆናል፣ ሁለቱን እንደ መንታ አብረው ነው የሚጠሯቸው። ታይፈስ እኮ ጭራሽ የምግብ በሽታ አይደለም፣ እዚህ አገር የምንፈራው በቅማል የሚተላለፈው ነው። የስም መመሳሰል ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ከጣትህ ወይም ከክንድህ ደም ወስደው በግማሽ ሰዓት ውጤት የሚሰጡህ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ደግሞ ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነትህ የሠራውን መከላከያ ነው። እሱ ደግሞ ካለፈው ዓመት የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ በሽታም ሊያስነሣው ይችላል። እኔ አምስት ወረቀት ሰብስቤ ነበር፣ አምስቱም ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ማኅተም ነበረበት። ክሊኒኮቹ የተለያዩ ናቸው፣ መድኃኒቱ አንድ።

የእኔ ጉድ የወጣው በአጋጣሚ ነው። ስድስተኛው ላይ ያገኘሁት ሐኪም ወረቀቶቹን ገፋ አደረጋቸውና ስለ ሆዴ ሳይሆን ስለ ወገቤ ጠየቀኝ። ወገቤና ዳሌዬ ያመኝ ነበር፣ ከሥራ ወንበር ነው ብዬ ትቼው። ሌሊት ላብ ያሰምጥሃል ወይ አለኝ። ያሰምጠኛል፣ ካናቴራ እቀይራለሁ። ከዛ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ አመጣ፦ «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? ከላሞቹ መሀል የጨነገፈች አለች?»

እናቴ ገጠር ናት። በበዓል በሄድኩ ቁጥር በወይራ ከታጠነ ዕቃ፣ አረፋው ሳይወርድ፣ ለብ ያለ ወተት ትሰጠኛለች። ወይራው ያጸዳዋል ብለን ነው ያደግነው። ሽታው አሁንም አፌ ላይ አለ። እዛው ሐኪሙ ፊት ደወልኩላትና ጠየቅኳት። «ቦራ ሁለት ጊዜ ጣለች፣ ምነው?» አለችኝ።

ብሩሴሎሲስ ነበር። ከከብት፣ ከፍየል፣ ከበግ የሚመጣ፣ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ የሚያስከትለው በሽታ ነው፣ ባልፈላ ወተት ይገባል። የጨነገፈ ጥጃ በባዶ እጅ ሲያነሱም ይይዛል። ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ፣ መገጣጠሚያን እየበላ ወራት ይቆያል። ሲፕሮው ለጊዜው ያስታግሰዋል እንጂ ብቻውን አይነቅለውም፣ ለዚህ ነው ተሻለኝ ስል የሚመለስብኝ። ሁለት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ወሰድኩ። አንደኛው ሽንቴን ብርቱካን አስመስሎት መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ልሞት ነበር! ስሙን ሆን ብዬ አልጽፍም፣ ምክንያቱም አንዱ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ነው፣ ከፋርማሲ ገዝተህ እንድትሞክረው አልፈልግም።

ያንተም ብሩሴሎሲስ ነው አላልኩም። ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ስንታመም የምንከሰው የመጨረሻውን ምግብ ነው፣ «ትናንት የበላሁት ፍርፍር ነው»። ፍርፍሩ ጥፋተኛ የሚሆነው በሰዓታት ውስጥ ካስመለሰህ ነው፣ ያውም እጅ የነካው ምግብ ፍሪጅ ሳይገባ ቆይቶ መርዝ ሲሠራ። መርዙ ደግሞ ብታሞቀውም አይጠፋም። ታይፎይድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይደበቃል። ከምግብ የሚይዘው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው፣ እስከ 50 ቀን ይቆያል። ብሩሴላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ስለዚህ ወር ወደኋላ ሄደህ አስታውስ፦ የት ሄድክ፣ ምን ጠጣህ፣ ሠርግ ነበር፣ ሐዘን ቤት ነበር?

እሱን በወረቀት ጽፈህ ሐኪም ያዝለት። የደም ካልቸር፣ ማለትም ከደምህ ውስጥ ጀርሙን አብቅለው የሚያዩበት ምርመራ፣ ይሠራልኝ በል፣ ግን ሲፕሮ ከመጀመርህ በፊት። ከጀመርክ በኋላ ጀርሙ ቢኖርም ላይበቅል ይችላል። ቀናት ይወስዳል፣ ይወደዳል፣ ሁሉንም አይዝም። ቢሆንም ከአምስት ማኅተም ይሻላል። የብሩሴላውንም ጠይቅ።

ሰገራህ ላይ ደም ካየህ፣ ሆድህ ድንገት እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ወይም መቀባጠር ከጀመርክ ግን የእኔን ጽሑፍ ትተህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ታይፎይድ ሲቆይ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ተቅማጥ ከሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ በልክ።

እናቴ አሁን የእኔን ወተት ለብቻ ታፈላዋለች። አንድ ሲኒ ሰጥታኝ «ይኸው የሐኪምህ ወተት» ትለኛለች። እሷ ግን ያንኑ ጥሬውን። ጉልበቷን ያማታል፣ እርጅና ነው ትላለች። ከፋሲካ በኋላ ለምርመራ ላመጣት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ እስካሁን እሺ አላለችም።