«ፋራ» ስድብ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ጅማ ለትምህርት መጥተህ የዶርም ልጆች ዘፈንህን «የፋራ ነው» ስላሉህ ስድብ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

ፋራ የአራዳ ተቃራኒ ነው። አራዳ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈር ነው፤ ስሙ ከተሜነት የገባው፣ የነቃ ሰው መጠሪያ ሆነ። ፋራ ደግሞ ያልነቃ፣ ፋሽን ያለፈበት ማለት ነው። ለሰውም ለልብስም ለዘፈንም ይባላል።

በጓደኛሞች መሀል «ፋራ አትሁን» ቀልድ ነው። ከገጠር ለመጣ ልጅ ሰው ፊት ሲባል ግን ንቀት ነው፣ ያማል። ለታላቅማ ጭራሽ አይባልም።

እኔን የሚያናድደኝ የአገር ቤቱን ነገር ሁሉ ፋራ ማለታቸው ነው። የጅማ በርጩማ እኮ ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ፣ እግሮቹ ሳይቀሩ፣ ያለ ሚስማር ይሠራል! ይህን የሚወድ ሰው ምኑ ነው ፋራ? ዘፈኑ ካልጣማቸው «አልተመቸንም» ይበሉህ።