የሰው ሐሳብ በካሜራ መቅረጽ ለምትፈልጉ ልጆች

ሰሞኑን እዚህ አዳማ ሰፈራችን ያለች አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ተራ ሰው የሚባለውን የት ነው የማገኘው?" ብላ ጠየቀችኝ። በሙስሊሙ ዓለም ያለ ተራ ሰው ስለ ዲሞክራሲ፣ ስለ ሴቶች መብት፣ ስለ አሜሪካ ምን እንደሚያስብ የሚያሳየውን፣ ጋሉፕ በሚባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ሰርቬይ ላይ ተመስርቶ የተሰራውን ዶክመንተሪ አይታ እሷም የኛን አገር ሰው እንደዛ ልትቀርጽ አምሯታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩ ሰው ነኝና መልሱ አይጠፋኝም፣ ግን አፌን ይዞኝ ዝም አልኩ፣ አንዲት እናት ትዝ ብለውኝ ነው።

ያኔ ከተማዋን አብዛኛው ሰው ናዝሬት ነበር የሚላት። አሜሪካ ኢራቅ ከገባች በኋላ ነው፣ የውጭ ካሜራ ሁሉ ሙስሊም ያለበት አገር እየሄደ "ምን ትላላችሁ?" የሚልበት ጊዜ። አንድ የውጭ ቡድን ሰው እንዳገናኛቸውና እንዳስተረጉምላቸው ቀጠረኝ። ረመዳን ነበር፣ የኛን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ያ አቧራ የያዘ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ለጾመኛ ከባድ ነው። እኚህ እናት ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ለማፍጠሪያ የሚሸጡትን ሳምቡሳ ይጠቀልላሉ። ስስ ሆኖ የተዳመጠውን ቂጣ በረጅሙ ቆርጠውታል፣ አንዱን አንስተው ጫፉን ያጥፉና ኪስ ያወጡለታል፣ ምስሩን በማንኪያ ይጨምሩበታል፣ ደግመው ያጥፉና በዱቄት ብጥብጥ ያሽጉታል፣ ይሄን ሁሉ እጃቸውን ሳያዩ። ጨዉን እንዴት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው "ጾም ነው አልቀምስም፣ አሽትቼ ነው የምለየው" አሉኝ።

ካሜራው ተከፈተና ስለ አሜሪካ ተጠየቁ። ልጃቸው በየዓመቱ ዲቪ እንደምትሞላ፣ ቢደርሳት ደስታውን እንደማይችሉት ተናገሩ። ወዲያው በዛው ትንፋሽ "ቦምቡን በቴሌቪዥን ሳይ ግን የነዛን ልጆች እናቶች አስባለሁ፣ ምን አደረጉ?" አሉ። ስለ ሴቶች ሲጠየቁ ልጃቸው ተምራ ዳኛ ብትሆን እንደሚፈልጉ፣ ማታ ግን እንዲመሽባት እንደማይፈቅዱ ተናገሩ። አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ውሃ ወረፋ፣ በፋሲካ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ስለሚያመጡላቸው ድፎ ዳቦ አወሩን። መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞረው "የነሱ አገር እናቶችስ ስለኛ ምን ይላሉ? እስቲ ጠይቅልኝ" አሉ። ተረጎምኩ። ፕሮዲዩሰሩ ፈገግ አለና ሰዓቱን አይቶ ለካሜራማኑ "በቃ" አለው።

ከዛ መስጊድ አካባቢ አፉ የሚፋጅ ወጣት ፈልግልን ተባልኩና እነሱ ራሳቸው አንዱን አገኙ። ልጁ ተቆጥቶ የተናገራት ትንሽ ነገር ነች በቴሌቪዥን የወጣችው። እሱም የልቡን ነው የተናገረው፣ አልፈርድበትም። የሳቸው ግን አንዲት ቃል አልገባችም። በዛ በኩል ባለፍኩ ቁጥር "መቼ ነው የሚወጣው?" ይሉኝ ነበር፣ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ሊያዩ አስበው። አሁን በሕይወት የሉም። ያ ካሴት የት እንደገባ አላውቅም፣ እስከዛሬ ውስጤን ይበላኛል።

የጋሉፕን ስራ የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 ከ35 በላይ አገሮች ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አነጋገሩ፣ አብዛኛውን ፊት ለፊት፣ አንዱ ቃለመጠይቅ እስከ አንድ ሰዓት እየፈጀ። የሚጠየቀውን ሰው ደግሞ ጠያቂው አይመርጥም። ቤቱ በዕጣ ይወጣል፣ ቤት ከገባህ በኋላም ከአዋቂዎቹ ማን እንደሚጠየቅ ዕጣው ነው የሚወስነው። ይሄ ለእኛ አገር ጠያቂ ፈተና ነው። አንድ ጊዜ ዶዶላ አካባቢ ዕጣው ለቤቱ ምራት ወጣና አባወራው "እኔ እያለሁ እሷን?" ብለው ሊቆጡ ሆነ፣ ቡና አስፈልተው ሲያጫውቱኝ ቆዩና ልጅቱ ከወፍጮ ቤት ስትመጣ እሳቸው ራሳቸው "በይ ተቀመጪና መልሺ" አሏት። ከኋላ ቆመው እያንዳንዱን መልሷን ሲሰሙ የነበረው ፊታቸው አይረሳኝም፣ አንዳንዱን ነገር ከምራታቸው አፍ የዛን ቀን ነው የሰሙት።

ቁጥሩንም ግን ዝም ብላችሁ አትዋጡ። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት "ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው" ያሉት ከተጠየቁት ሙስሊሞች 7 በመቶ ናቸው ተብሎ ተጻፈ። ጥያቄው ከ1 እስከ 5 የሚመለስ ነበር፣ እነዚህ 5 ያሉት ናቸው፣ 4 ያሉት ከለዘብተኞቹ ጋር ተደመሩ ብለው የተከራከሩ አሉ፣ ክርክሩም ትክክለኛ ክርክር ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ምክንያታቸው ነው። ጥቃቱን የደገፉት ፖለቲካ ነበር የሚጠቅሱት፣ የተቃወሙት ናቸው ሃይማኖታቸውን የጠቀሱት፣ ነፍስ ማጥፋት ሐራም ነው እያሉ። በሃይማኖተኝነትም በሁለቱ መሃል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። "ለምን?" ተብሎ ባይጠየቅ ኖሮ ይሄ አይታወቅም ነበር።

እናንተ ልጆች ማይክ ይዛችሁ መንገድ ላይ ሰው ታቆማላችሁ፣ የሚያስቀውንና የሚሳደበውን ቆርጣችሁ ቲክቶክ ላይ ትለቁና "ሕዝቡ እንዲህ አለ" ትላላችሁ። ሕዝቡ አላለም። ስለ ሙስሊሙ ዓለም ስትሰሩም ካሜራው ቶሎ ወደ አረብ አገር ይዞርባችኋል። አብዛኛው ሙስሊም ያለው እስያ ነው፣ እነ ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታን፣ ሕንድ፣ ባንግላዴሽ። እኛ ጋ ደግሞ በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ 34 ያህሉ ሙስሊም ነው፣ ታሪኩም ነጃሺ ስደተኞቹን ከተቀበለበት እ.ኤ.አ. ከ615 አካባቢ ይጀምራል፣ ስለዚህ የምትፈልጉት ሰው ግድግዳ ተጋርቷችሁ ሊሆን ይችላል።

በዕጣ ምረጡ እያልኩ እኚያን እናት ያገኘኋቸው በዕጣ አይደለም፣ ሳምቡሳቸውን አይቼ ነው የቆምኩት። አንድ ሺህ ሰው ብጠይቅም የዲቪውንና የቦምቡን ነገር እንደሳቸው አንድ ላይ የሚነግረኝ አላገኝም ነበር፣ መጠይቅ ላይ የቱ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገቡት? ለሁለቱም ቦታ ይኑራችሁ፣ ለቆጠራውም ለጨዋታውም።

የጠየቃችሁትን ሰው ስልክ ቁጥር ያዙ። ስራው ሲያልቅ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ አሳዩዋቸው፣ የተቆረጠ ካለ ለምን እንደተቆረጠ ንገሯቸው። ያልገባውንም ቀረጻ አትደምስሱ፣ ሃርድ ዲስክ ውድ ነው ብላችሁ እንዳታመካኙ። ጥያቄያችሁን ስትጨርሱ ደግሞ ካሜራውን ሳታጠፉ "እርስዎስ የሚጠይቁን አለ?" በሉና መልሱን ከናንተ በኩል ያለውም ሰው ይመልስ።